«ቀጥታ የመጡ» የተባሉት የገበያ ሰዎች

ሥራ አስኪያጃችንን ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን አንቱታ አላባክንበትም። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የግል ኮሌጅ ይመራል፤ እኔ የኮምፒውተሩንና የድረ ገጹን ሥራ እሠራለሁ። ድረ ገጻችንን የከፈተ ሰው ከየት እንደመጣ፣ ከማኅበራዊ ሚዲያ ይሁን ከፍለጋ፣ እየመደበ የሚቆጥር መሣሪያ አለ። ያንን በየወሩ አትሜ እወስድለታለሁ። እሱ የሚያነበው አንዷን መስመር ብቻ ነው፤ «ቀጥታ የመጡ» የምትለዋን። ሁልጊዜም ትልቋ እሷ ነበረች። ማንም ሳይጠራቸው ስማችንን ሰምተው የመጡ ናቸው ይለኛል፣ ክራቫቱን እያስተካከለ። ወይ ስም!

መሣሪያው «ቀጥታ» የሚለው ድረ ገጹን የከፈተው ሰው ከየት እንደመጣ ሲጠፋበት ነው። አላውቅም ማለቱ ነው። ይህን ስንት ጊዜ አስረዳሁት፤ እሱ እቴ፣ የሚጥመውን ብቻ ነው የሚሰማ።

እኔ ግን ከየት እንደሚመጡ አውቅ ነበር። ተማሪ የምትመለምልልን አንዲት ሴት ነበረች፣ የቄስ ልጅ፣ በኮንትራት የተቀጠረች። ረቡዕ ሮብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ፣ ሌላ ቀን ወደ አምበር ገበያ ትወርዳለች፣ የድረ ገጹ አድራሻ የታተመበትን ወረቀት ይዛ። ቀሳውስቱ በአባቷ ያውቋታል፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ሳይበተን ወረቀቷን ያነቡላታል። ከዚያ ስልክ ያለው ዲያቆንም ሆነ የገበሬ ልጅ ወረቀቱን እያየ አድራሻውን ፊደል በፊደል ይጽፋል። እሁድ ከረፋዱ ጀምሮ «ቀጥታ» የሚያብጠው በዚህ ነበር።

ኮንትራቷ ሰኔ ላይ ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ገልብጦ ገልብጦ፣ እሷ ያመጣችው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ካልታየ አላድስላትም አለ። የእሷ ጫማ በጭቃ ሲያልቅ እሱ እኮ ከዚያ ወንበር ተነስቶ አያውቅም።

ማስተካከሉ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በአዲሱ ወረቀቷ ላይ ከአድራሻው ጫፍ አንዲት ቃል ጨመርኩ። ከዚያ መሣሪያው ውስጥ ገብቼ፣ በዚያች ቃል የገባውን ሁሉ ለብቻው የሚመድብ ክፍል ከፈትኩና «የገበያ ወረቀት» አልኩት። ለእሷ ሳሳያት፣ አሁንስ ታየሁ ብላ ሳቀች። በሚቀጥለው ወር «ቀጥታ» ሟሸሸ፤ አናት ላይ የተቀመጠው የእሷ መስመር ነበር።

ሰውየው አይቶ ሪፖርቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። የኮሌጁ ባለቤቶች ሪፖርቱን ሊያዩ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል። በማግስቱ ጠርቶኝ፣ ገበያ የሚለው ለኮሌጅ አይመጥንም፣ «የአስተዳደር ክትትል» ብለህ ቀይረው አለኝ። እኔ ጀግናው ታዲያ ምን አልኩ? ልጆች አሉኝ አልኩ በልቤ፤ በአፌ «እሺ» አልኩት። ቀየርኩትም። ያ መሣሪያ ደግሞ የክፍሉ ስም ሲለወጥ ያለፈውንም ወር አብሮ ይለውጣል፤ ይህንንም አውቅ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ እኔ ጭራሽ ለጅቡ በሩን ከፈትኩለት።

ባለቤቶቹ አናት ላይ ያዩት የአስተዳደሩን ክትትል ነው፤ ኮንትራቷ አልታደሰም። ወረቀት መበተን ማንም ይችላል ተባለ።

ከሳምንት በኋላ ቢሮዬ መጣች። ሌላ ቦታ ልታመለክት ስለሆነ፣ ስንት ሰው እንዳመጣች የሚያሳየውን ሪፖርት እንዳትምላት ለመነችኝ። አተምኩላት። ቁማ፣ መስመር በመስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለች።

«የአስተዳደር ክትትል» የሚለውን አሳየኋት። «ይቺ ነሽ» አልኳት።

«ማን ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?»

«እኔ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ወጣች።