ወረፋ የያዘችው ሲስተር

በደም ግፊት ክትትል ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችውን ነርስ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ታካሚ አልነበረም። ሁሉም «ሲስተር ጨው» ነበር የሚሏት። በሽተኛው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ጨው ቀነሱ? መድኃኒቱን አላቋረጡም? ስንት ደቂቃ በእግርዎ ሄዱ?» ብላ ታፋጥጠዋለች። የሚዋሻትን ዓይኑን አይታ ታውቀዋለች። አንዲት ታካሚ እንዲያውም «ምግብ ሳበስል እጄ ወደ ጨው ሲሄድ ከኋላዬ የቆመች እየመሰለኝ እደነግጣለሁ» ብላ ወረፋ የያዘውን ሁሉ አስቃዋለች።

ሲስተር ጨው ራሷ ግን ምሳዋን የምትበላው በሽተኛው ሲሳሳ፣ ቆማ፣ ጎረስ ጎረስ አድርጋ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ታድርና ጠዋት ልብሷን ቀይራ ሥራዋን ትቀጥላለች። ራሷን ሲፈልጣት ከመሳቢያዋ የራስ ምታት ክኒን አውጥታ ዋጥ ታደርጋለች። ልጇ «እማ፣ አንድ ቀን እንኳ ታከሚ እንጂ» ብትላት መልሷ ያው ነው፦

«ጡረታ ስወጣ።»

የሚያማት ጉልበቷም፣ የተቦረቦረው ጥርሷም፣ የጠዋት የእግር ጉዞውም፣ እንቅልፉም ሁሉ ለጡረታ ተቀጥሮ ነበር።

በዚህ ቀጠሮ ብቻዋን አልነበረችም። በነርስነት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል አብራት ያደረች፣ አሁን በዚያው ሆስፒታል አዋላጅ የሆነች ጓደኛ ነበረቻት። አዋላጇ ነገር ማቀድ ትወዳለች። ከጡረታ በኋላ የትኛውን ቀን ምን እንደሚሠሩበት ሁለቱ ቁጭ ብለው ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ሰኞና ረቡዕ የእግር ጉዞ፣ ማክሰኞ ለነፍሰ ጡሮች ምክር መስጠት፣ ቅዳሜ ምንም አለመሥራት።

«ስንቱን ወደዚህ ዓለም አስገብቻለሁ» ትል ነበር አዋላጇ እየሳቀች። «በጡረታዬ ደግሞ እኔ እወለዳለሁ።»

በሦስት ዓመት ስለምትበልጣት አዋላጇ ቀድማ ወጣች። የማዋለጃ ክፍል ሠራተኞች አዋጥተው ነጭ የእግር መጓዣ ጫማ ገዙላት። እሷም ጓደኛዋ እስክትወጣ እጠብቃለሁ ብላ ጫማውን ሳትነካው አስቀመጠችው። በአምስተኛው ወር አንድ ማለዳ ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳለች እዚያው ወደቀች።

ሲስተር ጨው እየሮጠች ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ የጓደኛዋ ቀኝ ጎን አልታዘዝ ብሎ፣ አፏም ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ነበር። ተረኛው ሐኪም የቀድሞ ልኬቷን ለማየት ካርዷን አስመጣ። ሠላሳ ሦስት ዓመት በሠራችበት ሆስፒታል ውስጥ የአዋላጇ ካርድ ላይ የነበረው ከብዙ ዘመን በፊት የተወጋችው አንድ ክትባት ብቻ ነው። ሐኪሙ ካርዱን አገላብጦ አየና መልሶ አኖረው።

በሳምንቱ የክትትል ክፍሉ የቆየ ታካሚ የሆነ አንድ አናጢ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ጣቶቹ በመጋዝ የተከታተፉ፣ ንግግሩ ረጋ ያለ። ለካችው፤ ከፍ ብሏል።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» ብላ ጮኸችበት። «ክኒኑን አቋርጠዋል! እኔ እኮ እርስዎን መቅበር አልፈልግም!»

አናጢው የሸሚዙን እጅጌ ቀስ ብሎ መለሰ። ዓይኗ ማበጡንም አየ።

«ይቆጡኝ ሲስተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የእርስዎስ ስንት ነው?»

የራሷን ለክታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጋውኗን ሳትለብስ መጣች። ካርድ ክፍል ሄዳ እንደማንኛውም ሰው ካርድ አወጣችና ከራሷ ክፍል በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ያዘች። አጠገቧ የነበረች አሮጊት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላትና «አይዞሽ ልጄ» አለቻት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ጨው ቀንሺ» ብላ ጎሸም አደረገቻት። ወንበሩ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ እንባዋ አመለጣት።

ወጣቷ ነርስ ለካቻት። ደግማ ለካቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ መቶ ዘጠና ነው። በእግርሽ እንዴት ቆምሽ?» አለቻት።

የደምና የሽንት ምርመራው ውጤት የባሰ ነበር። ሐኪሙ ሳያለባብስ ነገራት፤ ግፊቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ ኩላሊቷን ጎድቷል፤ የተጎዳው አይመለስም፤ የቀረውን ማትረፍ ግን ይቻላል። ያን ቀን ማታ ለልጇ ስትነግራት ልጅቷ አልተቆጣችም። የእናቷን እጅ ይዛ «ለሌላው ሰው እንደምትቆጪው ለራስሽም አንዴ ብትቆጪ ምን ነበረበት?» ብቻ አለቻት።

ከዚያ በኋላ ሲስተር የሌሊት ተራ መግባት አቆመች። ያጉረመረሙባት ነበሩ፤ ሐሜቱን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ሰኞ ሰኞ የክፍሏን በር ግማሽ ሰዓት ቀድማ እየከፈተች የሆስፒታሉን ሠራተኞች መለካት ጀመረች። መጀመሪያ የመጡት ሁለት ጽዳቶችና አንድ ጥበቃ ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ አርባ ስድስት ሰው ተለካ፤ አሥራ አንዱ ሕመሙን ተሸክመው ሳያውቁት ሲሠሩ የከረሙ ነበሩ። አንደኛው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። መጀመሪያ «ሥራ ይበዛብኛል፣ ሌላ ጊዜ» ሲላት በሩን ዘግታ ቆመችበት።

«አዋላጇም እንዲህ ነበር የምትለው» አለችው። እጁን ዘረጋላት።

ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ወደተኛችው ጓደኛዋ ትሄዳለች። ነጩን ጫማ አጥልቃላት፣ ወገቧን ደግፈው፣ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ያስኬዷት ጀመር፤ በአንድ ወገን እሷ፣ በሌላው ወገን የአዋላጇ ወንድም። ከወራት በኋላ በዱላ ብቻዋን እስከ ደጅ ደረሰች። ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም። ያ ስንት ሕፃን የተቀበለ እጅ ጭኗ ላይ ተጋድሞ ሲያዩት ሁለቱም ዓይናቸውን ያሸሹ ነበር።

አንድ ቀን ሲስተር ፀጉሯን እያበጠረችላት ሳለ አዋላጇ በተኮላተፈ አንደበቷ፣ ቃል በቃል እየለቀመች ተናገረች።

«ቀኑን... ቀጠርኩት እንጂ... አልኖርኩበትም። አንቺ እንዳትቀጥሪ።»

«አልቀጥርም» አለቻት፤ ማበጠሪያውን ይዛ ቆማ።

አዋላጇ በሁለተኛው ዓመት፣ ሌላ የአንጎል ምት መጥቶባት አረፈች። በቀብሯ ላይ እናቶቻቸው እሷ እንዳዋለደቻቸው የነገሯቸው ጎልማሶች ሳይቀሩ ሬሳዋን ለመሸከም ተሻሙ።

ሲስተር ጨው የጡረታ ጊዜዋ ሲደርስ ሽኝት አልፈለገችም። የሰኞውን ልኬት ለወጣቷ ነርስ አስረከበቻትና በሰላም ወጣች። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ከልጇ ጋር በእግሯ ትሄዳለች፤ ሲደክማት ታርፋለች፤ በየሦስት ወሩ ሐኪሟ ያያታል። ኩላሊቷ አልዳነም። አልባሰበትምም።