ዳር ላይ ያሉት ነጥቦች

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ ሲይዙኝ ስልኬንና ደብተሬን ወሰዱ። የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ አሁንም የገብስ አቧራ ይሸታል። ከጣሪያው ቀዳዳ በምትወርደው ብርሃን ሥር አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ተቀምጠዋል። ለምን እንደታሰሩ ጠየቅኋቸው።

«አንተስ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ጆሮ ጠቢ ይሆናሉ ብዬ ጠረጠርኳቸው።

ጥፋቱ የኔው ነበር። በከዋክብት መካከል ስላሉት ግዙፍ የጋዝ ቅርፊቶች በስልኬ አነብና እንደ ክብ እስላቸው ነበር። ሳይንስ የሰጣቸው ቁጥር ስለደረቀብኝ በአገሬ ወረዳዎች ስም ሰየምኳቸው፦ ስማዳ፣ እስቴ፣ ጋይንት። በየዳራቸው ነጥብ ነጥብ አደረግሁ።

መርማሪው ደብተሩን ገለጠ። «ሦስት ካምፕ። ዳር ላይ ሰዎች።»

«ከዋክብት ናቸው።»

«ኮከብ እስቴ ምን ሊሠራ ይወርዳል? ገጣሚው፣ እስከ ነገ የነጥቦቹን ስም አምጣና ውጣ።»

የፈለገው ቅዳሜ ቅዳሜ ወገዳ ከተማ ላይ አብረውኝ ግጥም የሚያነቡትን ጓደኞቼን ስም ነው።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታው ምን ስዬ እንደተያዝኩ ጠየቁኝ። ከያዙት ቆሎ ዘግኜ ወለሉ ላይ ክብ ሠራሁ።

«ትልልቆቹ ከዋክብት ሲፈነዱ ጋዙን ይገፉታል፣ የኔታ። መሐሉ ባዶ ይቀራል። ዳር ላይ የተጠቀጠቀው ጋዝ አዲስ ኮከብ ይወልዳል።»

«አውድማ በለኛ! በሬው ሲዞር ገለባው ዳር ይከመር የለ?» ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነጥቦቹስ፣ ልጄ? ስም አላቸው?»

«ገና አልተወለዱም» አልኩ።

በማግስቱ መርማሪው ፈገግ አለ። «አውድማ ነው አሉ።»

ቃሉ ከዚያ ክፍል ውጭ አልተነገረም። በእርግጥ በሩ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ከጀርባውም ጠባቂ ይቆማል።

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። በደብተሬ ላይ ያሉትን ነጥቦች ቆጠርኩ፤ በየመስመሩ «ገና አልተወለደም» ብዬ ጽፌ ከታች ፈረምኩ። አነበበው። «መልሱት» አለ።

መሪጌታው ከስንቃቸው ዳቦ አስቀምጠው ጠበቁኝ፤ አልተቆረሰም። ርቦኝ ነበር። ብቻዬን ቆርሼ ጥግ መያዝ እችል ነበር፤ ግን እኛ አገር ካህን ባለበት ሌላው አይቆርስም። ዳቦውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

«ይባርኩልኝ፣ የኔታ።»

ዓይኔን ሳያዩ ተቀበሉኝ። ከድካም ይሁን ከሌላ፣ አላወቅሁም።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ደብተሬ አልተመለሰም። በአዲሱ ላይ ቅርፊቶቹን ያለ ስም እስላለሁ። ወገዳ ላይ ጓደኞቼ ዛሬም ቅዳሜ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ሽማግሌው ጆሮ ጠቢ መሆን አለመሆናቸውን ይጠይቁኛል። የማውቀውን ብቻ እነግራቸዋለሁ፦ ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱ ትልቁን ለኔ ሰጡኝ።