ኮምፓይለሬ «ትርፍ ነው» ያለችው መስመር

ዛሬ ጠዋት ቡሬ አጠገብ የመስኖ ውሃ በእኔ ጥፋት ወደ ሌላ ሰው ማሳ ሄደ። ሰማዩን ይዞ ሲፈስ ግን ያምር ነበር፤ ጥፋቴን ረስቼ ቆሜ አየሁት።

ማንም ሳያስተምረኝ የሠራኋት፣ በአማርኛ የምትጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ አለችኝ። ትናንት የተጻፈውን ለማሽኑ የምትተረጉመው ኮምፓይለሯ የተደጋገመ ኮድ ስታይ «ይህ መስመር ትርፍ ነው» ብላ እንድታስጠነቅቅ አደረግሁ።

የእህቴ ልጅ ሰላም ደግሞ በዚችው ቋንቋ የውሃ ተራ የሚያሳውቅ ፕሮግራም ጽፋለች። ፕሮግራሙ «ተራው የማን ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ይፈትሻል። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ «እንደ እናትሽ ነገር መደጋገም ትወጃለሽ» ብዬ፣ «ያስፈልጋል» ብትለኝም ሁለተኛውን አስጠፋኋት።

ዛሬ «ተራዎ ነው» የሚለው መልእክት ለአቶ ሙሉ ደረሰ፤ ቦዩም ወደ እሱ ተከፈተ። እሱ ግን ማለዳ ተራውን ለአራስ ጎረቤቱ ለቆ ፕሮግራሙ ላይ አስመዝግቦ ነበር። የእሷ የሽንኩርት ችግኝ ጠውልጎ ውሃ ይጠብቃል።

ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ሳቁ። «እኔም እኮ ሁለቴ ነው የምጠይቅ። በመሀል ሰው ለአራስ፣ ለሐዘንተኛ ይለቃል።»

«ነግሬዎት ነበር፣ አጎቴ» አለች ሰላም። «ትርፉ ማን እንደሆነ አየን።»

አቶ ሙሉ በአካፋው ቦዩን ወደ አራሷ ማሳ መለሰው። ውሃው እንደ እንቅልፍ ቀስ እያለ ሽንኩርቱ ሥር ገባ።

እኛም መስመሩን መለስን። ማስጠንቀቂያውን አላነሳሁትም፤ በሁለቱ ፍተሻዎች መሀል ተራው ሊቀየር የሚችል ከሆነ ግን ኮምፓይለሯ አሁን ዝም ትላለች።

እናንተስ ትርፍ ነው ብላችሁ አጥፍታችሁት ኋላ የፈለጋችሁት ምን ነበር? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።