ሦስቱ ጣቶች

ጣልያን በወጣ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ስለ ጓደኛዬ የማያወራ አልነበረም። የሰው ልብ ያነባል አሉ። እኔ በቅናት አርር ነበር፤ ዘዴው ገብቶኛላ። «ከከተማችን ታቦቶች አንዱን በልብህ ያዝ» ሲል ሦስት ጣቱን ቀስ ብሎ ያነሣል፤ ሰውዬው ሳይታወቀው ሥላሴን ያስባል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ሰርግ ላይ፣ ዳስ ውስጥ፣ እኔኑ ጠራኝ። ሦስቱን ጣቶች ከወትሮው አጉልቶ አሳየኝ። ላዋርደው ብዬ ሥላሴን ትቼ ቁስቋምን ያዝኩ።

«ቁስቋም» አለ፣ ዓይኔን እንኳ ሳያይ። «ከሥላሴ ሲሸሽ ሌላ የት ይሄዳል? የቁስቋሙ ቄስ ልጅ እንደሆነች ከልቡ አትወጣም።»

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ከሴቶቹ መሀል የተቀመጠችው የቄሱ ልጅም ሳቀች፤ ስትስቅ የምታየው ግን እሱን ነበር።