የጊፋታው እንግዳ

ሰሞኑን ከልጅ ልጄ ጋር ቴሌቪዥን ስናይ አገራችንን አሳዩ። የተሰነጠቀ መሬት፣ ባዶ ድስት፣ አጥር ሥር ኩርምት ያሉ አንዲት አሮጊት። ልጅቷ «አያቴ፣ እናንተም እንዲህ ነበራችሁ?» አለችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቴ ትዝ አለኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ቤታችን ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። እኔ ሶዶ ክርስትና እናቴ ዘንድ ስላደግሁ አማርኛ እናገር ነበር፤ ከልጆቿ ጋር ፊደልም ቆጥሬአለሁ። በአዲስ ዓመታችን በጊፋታ ሰሞን፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ ለጋዜጣ የሚጽፍ አቶ መኩሪያ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው በቅሎው አነከሰችበትና እኛ ዘንድ አረፈ።

አባቴ እንግዳ ሲያይ በደስታ የሚሆነውን ያጣል። በሬ ታርዶ ነበርና ከሥጋው ምርጡን፣ ቅቤ ከጠጣ ቆጮ ጋር አቀረበለት። የቃሪያ ማባያችን ዳጣ አፉን ሲያቃጥለው እናቴ እየሳቀች እርጎ ሰጠችው። በቅሎዋ እስክትድን ሰነበተ፤ እናቴንም «እማዬ» ይላት ጀመር።

ሊሄድ ሲል ፎቶግራፍ ላንሳችሁ አለ። አባቴ ለበዓል የገዛውን አዲስ ጋቢ ደርቦ ደጃፉ ላይ ቆመ። አቶ መኩሪያ ግን ጋቢውን አውልቆ፣ ጦር ይዞ፣ እንሰቱ መሀል እንዲቆም ለመነው። እኔ ነኝ የተረጎምኩት። አባቴ ግራ ቢገባውም «እንግዳ ነው፣ ደስ ይበለው» ብሎ አወለቀ።

ከወራት በኋላ አንድ የሶዶ ነጋዴ ጋዜጣውን አመጣልን። አባቴ ደስ ብሎት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ እንዳነብ አዘዘኝ። ከአባቴ ፎቶግራፍ ሥር የተጻፈው፣ የዚህ አገር ሰው እርሻ አያውቅም፣ ልብስ አይለብስም፣ ሥር እየቆፈረ ይኖራል፣ እንግዳ ሲያይ ጦር ይመዛል የሚል ነበር። ሁሉንም ወደ ወላይትኛ መለስኩት። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። እናቴ ቀስ ብላ፣ «እርጎውንስ አልጻፈም?» አለች።

በዓመቱ ሰውዬው በዚያው መንገድ ተመልሶ እንደ ቤተኛ ዘው አለ። የመጣን ጦሙን መስደድ ነውር ነውና እናቴ ምግብ አቀረበችለት። አባቴም አጠገቡ ተቀመጠ። ለምን እንዲያ እንደጻፈብን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

«እህቴ፣ የከተማ አንባቢ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው» አለኝ፣ ሳያፍር። «ደግሞ ጋዜጣው እዚህ ድረስ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

ለአባቴ ነገርኩት። «በልቶ ይሂድ። ከእንግዲህ ግን የእኛን ቃል አትተርጉሚለት» አለኝ። ሰውዬው «አባትሽ ምን አለ?» እያለ ቢወተውተኝም አልነገርኩትም።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ጠላት ቢሆን ኖሮ ረስቼው ነበር። ለልጅ ልጄ ተርበን አናውቅም አላልኳትም፤ ተርበን እናውቃለን። ግን አብሮን የጠገበ ሰው እንኳ መጥገባችንን አልጻፈልንም አልኳት።