ጨው የሌለው ሳህን

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ገበያ ዳር፣ አንድ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም፤ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ስፌትንም አሮጌ ኮት እየፈታሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ለመድኩ። ማንም ሳይረዳኝ ስለተማርኩ የሰው ድካም ሁሉ ስንፍና፣ የሰው ስሕተት ሁሉ ቅጣት የሚገባው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሱሪዬ ጠበበኝ። ጫማዬም አመሻሽ ላይ አልወልቅ አለኝ። ገበያተኛው ግን ደስ አለው። ከሲሬ ማር ይዘው የሚመጡት፣ "አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ! እንዴት አደሩ፣ ጌታው! ፉርደተኒ! ወፍረዋል እኮ፣ ተስማማዎት!" ይሉኛል። አጠገቤ ሸቀጥ የሚነግደው ጉራጌ ወዳጄ ደግሞ፣ "ቀበቶህን ለእኔ ተውልኝ፤ አንተን ከእንግዲህ የሚችልህ የበቅሎ መጫኛ ነው" እያለ ሰዉን ያስቃል። እኔም ኮራሁ። እግዚአብሔር የልፋቴን ሰጠኝ ብዬ ሱሪዬን ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰፋሁት።

ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነበር። ከገበያው ወደ ቤቴ በሚወስደው አቀበት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ሦስት ጊዜ እቆማለሁ። ሰው እንዳያውቅብኝ፣ በቆምኩ ቁጥር ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እላለሁ፤ የልጆቹን ጤና፣ የከብቱን፣ የማሳውን እጠይቃለሁ። ግንባሬን ቋጥሬ በመሄድ የምታወቅ ሰው ድንገት ደግ ሆነ ተባለ። ደግነቴ የትንፋሽ ማጠር መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ ረዳቱ ድሬሰር ያስተረጉምለታል። ሐኪሙ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልሎ ነፋ፤ ሁለተኛ ነፋ፤ ሦስተኛም። ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ ሲነሣ ጎድጓዳው ሊጥ ላይ እንደተጫኑት እንዳለ ቀረ። ከዚያ ራጅ አስነሣኝና ፊልሙን መስኮት ላይ አስደግፎ አሳየኝ። የሰው ደረት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ልቤ ከልኩ በላይ መስፋቱን ሳይነግሩኝ አየሁት።

"ደም ብዛት ነው" አለ ድሬሰሩ። "ይህ ውፍረት አይደለም፣ ውኃ ነው። ልብ ጡንቻ ነው፤ ደሙን መግፋት ሲከብደው እንደ ኩሊ ክንድ ይፈረጥማል፣ ግድግዳው ይወፍራል። ብዙ ዓመት እንዲህ ሲገፋ ደግሞ ይደክምና ይለጠጣል።"

"ተመልሶ ይሰበሰባል?"

ሐኪሙን እንኳ አልጠየቀልኝም። "እርስዎ ልብስ ሰፊ ነዎት። የላላ ላስቲክ ሲሰበሰብ አይተዋል?" አለኝ።

አላየሁም።

ኪኒን ሰጡኝ፤ ከኪኒኑ ይልቅ አጥብቀው ያዘዙኝ ግን ጨው እንዳልቀምስ ነው። ጨው ውኃውን ይይዘዋል፤ ውኃው ልቤን ያደክመዋል። ትእዛዙን ከጠበቅሁ ዓመታት ልኖር እችላለሁ፤ ካልጠበቅሁ የሚቀጥለውን ክረምት አላይም።

ይህን ያዘዘ ሐኪም እኛ እንዴት እንደምንበላ አያውቅም። በቤታችን ትሪው አንድ ነው፣ ድስቱም አንድ ነው። ጎረቤት ቡና ቢጠራኝ፣ እዚህ አገር ቡና በጨው ነው የሚጠጣው። እምቢ ስል ኮራ ተባልኩ። ሚስቴ ለእኔ በትንሽ ድስት ለብቻ መሥራት ስትጀምር ደግሞ የጎረቤት ሴቶች፣ "ባሏን ያለ ጨው ታበላዋለች፤ ብትጠላው ነው" ብለው አሟት።

እኔ ግን አንዴ ሕግ ካወጣሁ አወጣሁ። በየጠዋቱ በልብስ መለኪያ ሜትሬ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቼን ለክቼ ቁጥሩን የቤታችን በር ጀርባ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ቁጥሩ በየሳምንቱ ወረደ። አቀበቱንም አንዴ ብቻ ቆሜ መውጣት ቻልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ።

ሚስቴን ጠራኋት። "ወጤ ውስጥ ምን ጨመርሽ?"

"ምንም።"

"ሜትሩ አይዋሽም።"

"በሁለት ጣቴ ቆንጠር አድርጌ ነው። እንደ መድኃኒት ስትውጠው እያየሁ እኔስ እንዴት ይበላልኛል?"

"ልትገድይኝ ነው!" ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩባት። ሰው ስላዘነ ብቻ ያደረገው ነገር ትክክል አይሆንም፤ ይህን ዛሬም አምናለሁ። ያን ቀን ያስጮኸኝ ግን የልቤ ነገር አልነበረም። በገዛ ቤቴ ትእዛዜ መጣሱ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ከምሰፋበት በረንዳ ኋላ ባለችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ በላምባ ምድጃ ራሴ እየቀቀልኩ መብላት ጀመርኩ፤ አንድ ቀን አንጮቴ የሚሉትን የአገሩን ሥር፣ አንድ ቀን ድንች። ልበላ ስቀመጥ መጋረጃውን እዘጋለሁ። የሚበላ ሰው አላፊ አግዳሚውን "እንብላ" ማለት አለበት፤ የእኔን ምግብ ግን ለማን እንብላ እላለሁ? ከመጋረጃው ጀርባ የራሴን ማኘክ እሰማ ነበር። ሰው ከሰው ጋር ሲበላ ይህን ድምፅ አይሰማውም። ወራት እንዲህ አለፉ። እግሬ ቀጠነ፤ ቤት ስገባም ልጆቼ የሚነግሩኝ ነገር እያለቀ ሄደ።

የመጀመሪያ ልጄ አርጆ ተድራ ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሳትነግረኝ መጥታ መጋረጃውን ገለጠች። ጉልበቴን ስማ ቀና ስትል ሳህኑን አየች።

"አባ፣ ምን አጥፍተው ነው?" አለችኝ።

ነገሩ ገባኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ የደንበኛ ሱፍ ቆርጣ አበላሽታ፣ "አይጥ ነው" ብላኝ ነበር። ስለ ጨርቁ ሳይሆን ስለ ውሸቷ፣ ክረምቱን ሙሉ ማዕድ ቤት ብቻዋን እንድትበላ ፈርጄባት ነበር።

"አንቺ ዋሽተሽ ነው። እኔ ታምሜ ነው።"

"የእኔ መስቀል ሲደርስ አበቃ። የእርስዎስ?"

"የእኔ አያበቃም።"

እጇን ታጥባ ከሳህኑ ፊት ተቀመጠች።

"ተነሺ" አልኳት። "አንቺን ደግሞ ማን ቀጣሽ?"

ሳትነሣ ድንቹን ቆርሳ ጎረሰች። ፊቷ ተኮማተረ። "ወይኔ! ይህን ይዘው ነው የተደበቁት?" አለችና ዋጠችው። "የእኔ በስንት ጣዕሙ። ያን ክረምት እኮ አንድም ቀን ብቻዬን አልበላሁም።"

"እንዴት?"

"እናቴ ከእናንተ ጋር ትንሽ ትቀምስና ማዕድ ቤት መጥታ ከእኔ ጋር ትበላ ነበር። ወጥ ላሙቅ ብላ አትነሣም ነበር?"

ትነሣ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ወጥ ስታሞቅ ነው የከረመችው። እኔ ቅጣቴ የተፈጸመ መስሎኝ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። ለልጄ የፈረድኩትን ብቸኝነት ልጄ አልቀመሰችውም። የቀመስኩት እኔ ነኝ።

ልጄ በሦስተኛው ቀን ወደ አርጆ ተመለሰች። ያን ቀን የቀቀልኩትን በሳህን አድርጌ፣ በጨርቅ ሸፍኜ አቀበቱን ወጣሁ። መካከል ላይ ስቆም ማንንም ሰላም አላልኩም፤ ለመተንፈስ ብቻ ቆምኩ። ስገባ ሚስቴና ልጆቹ ትሪውን ከበው ነበር።

"ያን ክረምት ከልጅቷ ጋር ትበዪ ነበር?" አልኳት።

"ሁልጊዜ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ለእኔም የብቻ ሳህን ትፈርድብኝ ነበር።"

እውነቷን ነው፤ እፈርድባት ነበር። ሳህኔን ከትሪው አጠገብ አስቀምጬ፣ "ጨው እንዳትጨምሪበት" አልኩ። ከዚያ የተሻለ የይቅርታ ቃል ከአፌ አልወጣም። እሷ ግን የሰማችው መሰለኝ፤ ልጆቹን ጠጋ ጠጋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። የእኔን ሳህን ማንም አልነካም፤ እኔም የእነሱን አልነካሁም። በማግስቱ ጠዋት ስለካ ቁጥሩ ከፍ አላለም። ልቤ አልተሰበሰበም፣ አይሰበሰብምም። የማኘኬን ድምፅ ግን በልጆቹ ጭቅጭቅ መካከል አልሰማሁትም።