መስታወቱን ሸፍኑት ብለን ነበር

በጣሊያን ጊዜ ጣሊያኖቹ መተማ አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ የብርሃን ጣቢያ ይሠሩ ጀመር። መሐንዲሳቸው በአስተርጓሚ፣ «ኃይለኛ ብርሃን ወደ ሰማይ ልከን የላይኛውን አየር እናጠናለን» ይለን ነበር። እኔ ባሌ የሞተብኝ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። ሲሚንቶ የሚቦካበትን ውሃ ከወንዝ በእንስራ የማመላልሰው ተገድጄ ነበር። ጥናታቸውን አልጠላሁም። ያንገበገበኝ ማሳዬ ጥግ ሲተክሉት አንድም ሰው እንኳ እኔን አለመጠየቁ ነው።

ሥራው ፈጠነ። መሠረቱ ወጣ፣ ሞተሩ ተተከለ። በኅዳር፣ ማሽላዬ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሮ ሳለ፣ በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ጎድጓዳ መስታወት በካሚዮን መጣ።

አጎቴ እዚያው ግንበኛ ነበሩ። ሸራው ሲገለጥ እጃቸውን ከፊቱ ዘረጉና ወዲያው መለሱ፤ ጣታቸው ተለብልቧል።

«ይሄ ፀሐይ ሰብስቦ ያቃጥላል። ሣሩ ደርቋል፤ ቀን ቀን ይሸፍኑት በልልኝ» አሉት አስተርጓሚውን።

«እነሱ ያውቁበታል አባቴ፤ እርስዎ ድንጋይዎን ይደርድሩ» አለ። አልተረጎመላቸውም።

በማግሥቱ አንድ ሹም ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ መጣ። መሐንዲሱ ሊኮራበት ሸራውን ገፈፈ፤ መስታወቱን ፀሐይ ላይ እንዳፈጠጠ ትቶ ሹሙን ይዞ ምሳ ገባ። እንስራዬን አዝዬ ስደርስ ከፊቱ ያለው የሠራተኞች ዳስ የሣር ጣራ ይጨሳል።

«እሳት!» ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ ነበልባሉን ወደ አውድማዬ ነዳው። ውሃዬን ደፋሁበት፤ አጎቴ በቅጠል ደበደቡት። የዓመት ቀለባችን ዓይናችን እያየ ዐመድ ሆነ።

መሐንዲሱ ሮጦ የሄደው ወደ መስታወቱ ነው። አለመሰንጠቁን ሲያይ ፈገግ አለ። ፈገግ! ቀጥሎ አስተርጓሚው፣ «እሳቱ ከእኚህ ግንበኛ ሲጋራ ነው ብለዋል» አለ፤ አጎቴን አስተኝተው ገረፏቸው። ሲጋራ በዕድሜያቸው ጨብጠው የማያውቁ ሽማግሌ!

በነጋታው ውሃ አምጪ ተባልኩ።

«ማሽላዬ ሲነድ የት ነበራችሁ? ከእንግዲህ ከእኔ ጠብታ አታገኙም» አልኩና እንስራውን ሲሚንቷቸው ላይ ከሰከስኩት።

አስተርጓሚው ይህን ግን ቃል በቃል ተረጎመው። በጥፊ መቱኝ፤ አላለቀስኩም። በዚያው ቀን ልጆቼንና አጎቴን ይዤ ድንበሩ ላይ ያለውን ደረቅ ወንዝ ተሻግሬ ሱዳን፣ ገላባት ገባሁ። አንዲት ነጋዴ አስጠጋችን፤ የሰው ማሽላ እየፈጨሁ ልጆቼን አሳደግሁ።

ጣሊያን ሲወጣ ተመለስን። ያ ብርሃን አንድ ቀን እንኳ ሳይበራ መስታወቱን ጭነው መሄዳቸውን ሰማሁ። አጎቴ ግን አልተመለሱም። ጀርባቸው ሳይሽር ገላባት ቀበርናቸው። ይቅር በይ የሚለኝ ሰው አለ፤ እኔ ግን አልልም።